የጉዞ ባልደረባ አመራረጥ በኮምፒዩተር የሚና ጨዋታ፦ ስለ ቡድን አመሠራረት የሚሰጠው ትምህርት

1. መግቢያ

የሚና ጨዋታ ለመምህራን እንግዳ አይደለም። በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት ከሚታወቁት የማስተማሪያ ዘዴዎች አንዱ ሲሆን፣ ተማሪው እንደ ዳኛ፣ እንደ ገበሬ፣ እንደ ነጋዴ ወይም እንደ ሐኪም ሆኖ በመናገርና በመወሰን ትምህርቱን ከኑሮ ጋር የሚያገናኝበት መንገድ ነው። በዚሁ ስም የሚጠራ፣ ነገር ግን ከመማሪያ ክፍል ውጭ ያደገ ሌላ የጨዋታ ዘርፍም አለ። ይኸውም በኮምፒዩተር አማካይነት የሚካሄደው፣ ተጫዋቹ በምናብ በተፈጠረ ዓለም ውስጥ አንድ ቡድን እየመራ የሚጓዝበት ጨዋታ ነው።

በዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ተጫዋቹ ከጠላት ጋር ከመጋጠሙ በፊት ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ «ማን ከማን ጋር ይጓዝ?» የሚለው። በቡድኑ ውስጥ ያለው ቦታ ውስን ነው፤ ዕጩዎቹ ግን ብዙ ናቸው። አንዱን መውሰድ ሌላውን መተው ይሆናል። ተማሪዎችን በቡድን ከፋፍሎ የሚያስተምር መምህርም ሆነ የቡድን ሥራን በመርሐ ትምህርት ውስጥ የሚያካትት ባለሙያ በየጊዜው የሚገጥመው ይኸው ጥያቄ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጨዋታዎቹን ለማወደስም ሆነ ለመንቀፍ አይደለም። የጨዋታዎቹ ደራሲዎች ካለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት ወዲህ ለዚህ ጥያቄ የሰጡትን ልዩ ልዩ መልስ በቅደም ተከተል በማቅረብ፣ ስለ ቡድን አመሠራረት ምን መማር እንደሚቻል፣ በተለይም ያልተመረጠው ሰው ዕጣ ምን እንደሚሆን ለማመልከት ነው።

2. የጨዋታው አመጣጥ

የእነዚህ ጨዋታዎች ሁሉ ምንጭ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ያወጡት «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለ የገበታ ጨዋታ ነው። ተጫዋቾቹ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ከመካከላቸው አንዱ ተራኪና ዳኛ ሲሆን፣ የቀሩት እያንዳንዳቸው የአንድ መንገደኛ ሚና ይይዛሉ። የሚያደርጉትን በቃላቸው ይናገራሉ፤ ውጤቱ አጠራጣሪ በሆነ ጊዜ ዳይስ ይጣላል።

በመጀመሪያው እትም የነበሩት የሙያ ዓይነቶች ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን። ተዋጊው ጥሩር ለብሶ፣ ሰይፍ ታጥቆ ከፊት ይቆማል፤ አስማት ግን አያውቅም። አስማተኛው በአንድ ቃል ብዙ ጠላት ሊጥል ይችላል፤ ሆኖም ጥሩር ሊለብስ አይችልም፤ በቀን የሚጠቀምበት ኃይልም የተመጠነ ነው። ካህኑ በሁለቱ መካከል ሆኖ ቁስለኛን ይፈውሳል። በ1975 በወጣው ተጨማሪ መጽሐፍ ደግሞ ቁልፍ የሚከፍትና ወጥመድ የሚያከሽፍ አራተኛ ባለሙያ ታከለ፤ መጠሪያውም «ሌባ» ሆነ።

የደንቡ ቁም ነገር ሁሉን ማድረግ የሚችል ሰው እንዳይኖር መከልከሉ ነው። ለእያንዳንዱ ሙያ አንድ ትልቅ ችሎታ ሲሰጠው በአንጻሩ አንድ ትልቅ ጉድለትም ተሰጥቶታል። ስለሆነም መንገደኞቹ አብረው የሚጓዙት ስለሚዋደዱ ብቻ ሳይሆን፣ አንዳቸው ያለ ሌላው ከግባቸው ሊደርሱ ስለማይችሉ ነው።

ጨዋታው ወደ ኮምፒዩተር የተሻገረበት መንገድ ለትምህርት ባለሙያዎች ልዩ ትኩረት የሚገባው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሥራው የተጀመረውና «ፕላቶ» በመባል የታወቀው የኮምፒዩተር ሥርዓት የተቋቋመው ትምህርት በኮምፒዩተር ለመስጠት ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ ግን ተማሪዎች በዚሁ የማስተማሪያ መሣሪያ ላይ የገበታውን ጨዋታ ደንብ የተከተሉ ጨዋታዎችን መጻፍ ጀመሩ። ከእነዚህም አንዱ፣ በ1977 የተሠራው «ኡብሊዬት»፣ በየጣቢያው የተቀመጡ ተጫዋቾች በአንድ ቡድን ተደራጅተው የሚጓዙበት ነበር። ለማስተማር ታስቦ የተዘረጋው መሣሪያ፣ ሠሪዎቹ ባላሰቡት መንገድ፣ የቡድን አመሠራረት መለማመጃ ሆነ ለማለት ይቻላል።

3. የመጀመሪያው መመዘኛ፦ የጎደለውን መሙላት

እ.ኤ.አ. በ1981 አንድሩ ግሪንበርግና ሮበርት ዉድሄድ ለ«አፕል 2» ኮምፒዩተር ያወጡት «ዊዛርድሪ» የተባለ ጨዋታ ይህን አሠራር ወደ ግል ኮምፒዩተር አመጣው። በዚህ ጨዋታ አንድ ተጫዋች ብቻውን ተቀምጦ እስከ ስድስት የሚደርሱ መንገደኞችን ይፈጥራል፤ በሰልፍም ያስቀምጣቸዋል። ከፊት የቆሙት ሦስቱ በሰይፍና በዱላ ሊዋጉ ይችላሉ። ከኋላ ያሉት ሦስቱ ግን በእጅ መሣሪያ ጠላትን ለመምታት አይችሉም፤ የሚጠቅሙት በአስማት፣ በፈውስ ወይም በሌላ ሙያ ነው።

ጀማሪ ተጫዋች ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ስሕተት ከሁሉ የበረቱ የሚመስሉትን ስድስት ተዋጊዎች መርጦ መሰለፍ ነው። የዚህ ምርጫ ውጤት ቶሎ ይታያል። ከስድስቱ ሦስቱ ከኋላ ቆመው ሥራ ፈት ይሆናሉ። ከተዋጊዎቹ አንዱ በመርዝ ቢነደፍ የሚያድነው የለም። በድል የተገኘው ሣጥን ወጥመድ ያለበት ሲሆን፣ ወጥመዱን የሚያውቅ ስለማይኖር ሣጥኑ የሚከፈተው በጉዳት ነው። በጥንድ በጥንድ ሲነጻጸሩ እያንዳንዳቸው ከአስማተኛውም ሆነ ከካህኑ የበረቱ ስድስት ሰዎች፣ በድምሩ ሲታዩ ደካማ ቡድን ሆኑ ማለት ነው።

በአገራችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። አባባሉ የመተባበርን ጥቅም ይገልጻል። ነገር ግን ሸማኔ እንደሚያውቀው ድር ብቻውን ሸማ አይሆንም፤ በአግድሙ የሚያልፍ ማግ ያሻዋል። የዊዛርድሪ ሰልፍ የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው። አንድ ዕጩ ለቡድን የሚመዘነው «ምን ያህል ጎበዝ ነው?» በሚለው ብቻ ሳይሆን፣ «ቡድኑ የሌለውን ምን ይዞ ይመጣል?» በሚለው ጥያቄ ጭምር ነው። ስለዚህም የአንድ ሰው ዋጋ እንደሚቀላቀለው ቡድን ይለያያል። ካህን ለሌለው ቡድን ደካማ ካህን እንኳ ትልቅ ሀብት ነው፤ ሦስት ካህናት ላሉት ቡድን ግን ብርቱው ካህን ትርፍ ነው።

ይህ መመዘኛ አስፈላጊ ቢሆንም በቂ አይደለም። በዊዛርድሪ ያሉት መንገደኞች ተጫዋቹ ራሱ የሚፈጥራቸው ናቸው፤ አይናገሩም፤ አይቃወሙም፤ ወደ ታዘዙበት ይሄዳሉ። እርግጥ ደንቡ መንገደኞችን በጎ፣ መካከለኛና ክፉ ብሎ ስለሚከፍላቸው በጎና ክፉ በአንድ ላይ ቡድን ለመመሥረት አይችሉም። ይህም ጠባይ በቡድን አመሠራረት ረገድ ድርሻ እንዳለው የሚያሳይ የመጀመሪያ ምልክት ነው። ዳሩ ግን ጠባዩ በስም ብቻ የተጻፈ እንጂ በተግባር የሚታይ አልነበረም።

4. የእረኛዋ ቦታ

ሪቻርድ ጋሪየት እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው «አልቲማ 4» ጥያቄውን ከሌላ አቅጣጫ ያየዋል። በዚህ ጨዋታ ዓላማው አንድን ታላቅ ጠላት ድል መንሣት አይደለም፤ ተጫዋቹ በስምንት ምግባራት ፍጹም ሆኖ ለሕዝቡ አርአያ እንዲሆን ነው። ምግባራቱም ሐቀኝነት፣ ርኅራኄ፣ ጀግንነት፣ ፍትሕ፣ ራስን መሠዋት፣ ክብር፣ መንፈሳዊነትና ትሕትና ናቸው። እያንዳንዱ ምግባር የራሱ ከተማና የራሱ ሙያ አለው። ጨዋታው ሲጀመር አንዲት ጠንቋይ ሁለት ሁለት ምግባራትን የሚያፋጥጡ ጥያቄዎችን ታቀርባለች፤ የተጫዋቹ ሙያ የሚወሰነው በሚሰጠው መልስ ነው። ከዚያ በኋላ የቀሩትን ሰባት ሙያዎች የያዙ ሰባት ባልደረቦችን ከየከተማው እየፈለገ ይሰበስባል።

ከስምንቱ ሙያዎች በውጊያ ረገድ ከሁሉ ደካማዋ የትሕትና ምሳሌ የሆነችው እረኛ ናት። የጠንካራ ሰው ምርጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም አይወስዳትም ነበር። ነገር ግን በጨዋታው ደንብ ወደ መጨረሻው ጥልቅ ስፍራ ለመግባት ስምንቱም ሙያዎች ተሟልተው መገኘት አለባቸው። እረኛዋን ጥሎ የሄደ ተጫዋች፣ የቀሩት ሰባቱ የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆኑ፣ በሩ አይከፈትለትም።

ይህ ደንብ ከዊዛርድሪው የሚለይበት ነጥብ በሚገባ ሊጤን ይገባዋል። በዊዛርድሪ ደካማው የሚወሰደው የሚጠቅም ሥራ ሲኖረው ነው። በአልቲማ 4 ግን እረኛዋ የምትወሰደው የጉዞው ዓላማ ራሱ ያለ እርሷ ስለማይፈጸም ነው። መምህር «ይህን ደካማ ተማሪ የትኛው ቡድን ይሸከመው?» ብሎ በሚጠይቅበት ጊዜ የዊዛርድሪን ሒሳብ ይዟል። «ይህ ተማሪ ካልደረሰ ክፍሉ ደርሷል ሊባል ይችላልን?» ብሎ ቢጠይቅ ግን ወደ ሁለተኛው ሐሳብ ተሻግሯል።

5. ፈቃድ ያላቸው ባልደረቦች

የባልደረባ አመራረጥን ከሁሉ ይበልጥ ያወሳሰበውና ለኋለኞቹ ጨዋታዎች አርአያ የሆነው፣ በካናዳ ኤድመንተን ከተማ የሚገኘው የ«ባዮዌር» ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው «ባልዱርስ ጌት» ነው። በዚህ ጨዋታ ተጫዋቹ የሚፈጥረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሌሎቹን በየመንገዱ፣ በየእንግዳ ማረፊያውና በየከተማው ያገኛቸዋል። ብዛታቸው 25 ሲሆን፣ በአንድ ጊዜ ከእርሱ ጋር ለመጓዝ የሚችሉት አምስት ናቸው። እያንዳንዳቸው ስም፣ ድምፅ፣ ታሪክ፣ የግል ዓላማና የራሳቸው ፈቃድ አላቸው።

ታሪኩ ሲጀመር አሳዳጊውን በሞት የተነጠቀው ባለታሪክ ከአብሮ አደጉ ከኢሞየን ጋር ብቻ መንገድ ላይ ይቀራል። ኢሞየን ሳትጠራ የተከተለችው ናት። ብዙም ሳይርቁ ዛርና ሞንታሮን የተባሉ ሁለት መንገደኞች ይገጥሟቸዋል። አንዱ አስማተኛ፣ ሌላው ተዋጊም ሌባም ነው። ናሽከል ወደምትባል የማዕድን መንደር እንሂድ ይላሉ። ጥቂት አልፎ በሚገኝ የእንግዳ ማረፊያ ደግሞ የአሳዳጊው ወዳጆች የሆኑት ባልና ሚስት፣ ካሊድና ጃሂራ፣ ይጠብቃሉ። እነርሱም ወደ ናሽከል እንሂድ ይላሉ። የሁለቱ ጥንዶች መድረሻ አንድ ነው፤ የሄዱበት ምክንያትና ጠባያቸው ግን ፍጹም የተለያየ ነው። ሙያን ብቻ የሚያሰላ ተጫዋች አራቱንም ይወስዳል፤ በወረቀት ላይ ሲታይ የጎደለ የለምና። መንገድ ሲረዝም ግን መዘላለፍ ይጀምራሉ፤ በመጨረሻም እርስ በርስ ሰይፍ እስከ መማዘዝ ሊደርሱ ይችላሉ።

በናሽከል ደግሞ የባሰ ምርጫ ይጠብቃል። ሚንስክ የተባለ እጅግ ብርቱ፣ አእምሮው ግን ጥቂት የዞረበት ተዋጊ፣ ዳይናሂር የተባለች አስማተኛ በጠላት ስለ ተያዘች አድኑልኝ ሲል ይለምናል። በዚያችው መንደር ኤድዊን የተባለ አስማተኛ ያችኑ ዳይናሂርን ግደሉልኝ ሲል ይጠይቃል። ኤድዊን በጨዋታው ውስጥ ካሉት አስማተኞች በችሎታው ከቀዳሚዎቹ የሚመደብ ነው። ስለዚህ ብርቱውን አስማተኛ መፈለግ፣ ሌላ ሰውን ለመግደል መዋዋልን ያስከትላል። ለሚንስክ ቃል ገብቶ መዘግየትም አያዋጣም፤ ትዕግሥቱ ያልቃልና።

ጥንዶቹም በቀላሉ አይነጣጠሉም። ካሊድ ቸር ሰው ቢሆንም በውጊያ መካከል ደንግጦ የሚሸሽበት ጊዜ ብዙ ነው። ተጫዋቹ እርሱን አሰናብቶ ጃሂራን ብቻ ለማስቀረት ቢፈልግ፣ ሚስቱም ተከትላው ትሄዳለች። ይህም ማለት አንድ ሰው ወደ ቡድን ሲገባ ከነግንኙነቱ ይገባል፤ ሲወጣም ከነግንኙነቱ ይወጣል።

ከዚህም በላይ ከ1 እስከ 20 የሚቈጠር የመልካም ስም መለኪያ አለ። ቡድኑ በጎ ሥራ ሲሠራ ስሙ ከፍ ይላል፤ ንጹሐንን ሲበድል ዝቅ ይላል። ስሙ በጣም ሲያድግ ክፉዎቹ ባልደረቦች «ይህ ጉዞ ለእኛ አይሆንም» ብለው ይለያሉ፤ በጣም ሲወድቅ ደግሞ በጎዎቹ ይለያሉ። መሪው መርጦ አይጨርስም፤ እርሱም በየዕለቱ በሥራው ይመረጣል ወይም ይጣላል። ምርጫ የአንድ ቀን ተግባር መሆኑ ቀርቶ በየጊዜው የሚታደስ ውል የሆነው በዚህ ደንብ ነው።

ባዮዌር እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው «ድራገን ኤጅ፦ ኦሪጂንስ» ይህ ሐሳብ ይበልጥ ጐልቶ ወጥቷል። በታሪኩ መጨረሻ አካባቢ ለብዙ ሰው እልቂት ተጠያቂ የሆነውን ሎጌን የተባለ የጦር አዛዥ ተጫዋቹ ሊገድለው ወይም ምሕረት አድርጎ ከቡድኑ ሊቀላቅለው ይችላል። ምሕረት ቢያደርግለት ልምድ ያለው ተዋጊ ያገኛል። ከጉዞው መጀመሪያ አንሥቶ አብሮት የነበረው አሊስተር ግን ይህን በክህደት ቈጥሮ ይለየዋል። አንድ ተዋጊ ወጥቶ አንድ ተዋጊ ገባ፤ በቍጥር የተለወጠ የለም። በእምነት ረገድ ግን የጠፋው ከተገኘው ጋር አይመዛዘንም።

6. ያልተመረጡት ዕጣ

እስካሁን የተነገረው ስለ ተመረጡት ነው። የዚህ ጉዳይ ክብደት ያለው ግን በቀሩት ላይ ነው።

በባልዱርስ ጌት ከድል የሚገኘው የልምድ ነጥብ በቡድኑ አባላት መካከል እኩል ይከፋፈላል። ስድስት ሲሆኑ እያንዳንዱ አንድ ስድስተኛ ያገኛል፤ ሦስት ሲሆኑ አንድ ሦስተኛ ያገኛል። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ሁሉንም ስለሚወስድ እጅግ በፍጥነት ያድጋል። አንዳንድ ጐበዝ ተጫዋቾች ይህን መንገድ ሆን ብለው ይመርጡታል። ሆኖም ብቻውን የሚጓዝ ሰው አንድ ጊዜ በአስማት ቢደነዝዝ ወይም ቢፈዝ የሚደርስለት የለም፤ ፈጣን ዕድገቱ በአንዲት ቅጽበት ያከትማል።

ከቡድኑ ተሰናብቶ የቀረ ባልደረባ ደግሞ ምንም ነጥብ አያገኝም። በተተወበት ስፍራ በተተወበት ደረጃ ይቈያል። ተጫዋቹ ከብዙ ጊዜ በኋላ ተመልሶ ቢጠራው፣ ሌሎቹ ርቀው ስለሚሄዱ ይህ ሰው ለቡድኑ ሸክም ይሆናል፤ ሸክም ስለሆነም እንደገና ይተዋል። መጀመሪያ ያልተመረጠው በጥቂት ልዩነት ነበር። ልዩነቱን ያሰፋው ራሱ ምርጫው ነው። ከዚያ በኋላ የሰፋው ልዩነት ለምርጫው ትክክለኛነት ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል።

መምህራን ይህን ሁኔታ በሚገባ ያውቁታል። በቡድን ሥራ ጊዜ ሪፖርት የሚያቀርበው፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ መሣሪያውን የሚይዘው፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው ብዙውን ጊዜ ያው አንድ ተማሪ ነው። የሚመረጠው ከሌሎቹ ስለሚሻል ነው፤ ሌሎቹን እየበለጠ የሚሄደው ደግሞ ስለሚመረጥ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ልዩነቱ የተፈጥሮ ተሰጥኦ መስሎ ይታያል።

የኋለኞቹ ጨዋታዎች ደራሲዎች ይህን ጉድለት ለማረም ሞክረዋል። በቤልጅየም ጌንት ከተማ መቀመጫው የሆነው «ላሪያን» ድርጅት እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 2023 ያወጣው «ባልዱርስ ጌት 3» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚህ ጨዋታ በአንድ ጊዜ የሚጓዙት አራት ሲሆኑ፣ የቀሩት በሰፈር ይቈያሉ። ነገር ግን በሰፈር ያሉትም ከተጓዦቹ ጋር እኩል የልምድ ነጥብ ያገኛሉ፤ በማናቸውም ጊዜ ቢጠሩ ወደ ኋላ የቀሩ አይሆኑም። ማታ ማታ ሁሉም በአንድ ሰፈር ይገናኛሉ፤ ይነጋገራሉ፤ ቅሬታቸውንም ያሰማሉ።

በዚሁ ጨዋታ ሌላም ደንብ አለ። ተጫዋቹ በሰፈሩ ላለ አንድ እንግዳ ፍጡር 100 የወርቅ ሣንቲም ከፍሎ የማንኛውንም ባልደረባ ሙያ ሊያስለውጥ ይችላል። ተዋጊው ካህን፣ ካህኑ አስማተኛ ለመሆን ይችላል። ሙያ በቀላሉ የሚሟላ ነገር ከሆነ ዘንድ፣ ምርጫው የሚያርፈው በሰዎቹ ማንነት ላይ ነው፤ ከማን ጋር መጓዝ ይሻላል፣ ማንንስ ማጣት ይከብዳል በሚለው ላይ። ለውጥ የማይቀበለው አንድ ነገር ኅሊናቸው ነው። ተጫዋቹ ከአጥቂዎች ጋር ወግኖ በአንድ መጠለያ የሰፈሩትን ስደተኞች ቢያስፈጅ፣ ዊልና ካርላክ የተባሉት ባልደረቦች ጥለውት ይሄዳሉ፤ ይህን የሚያስቀር ክፍያ የለም።

7. ለመማሪያ ክፍል ያለው ትርጉም

በመጀመሪያ የንጽጽሩን ወሰን ማመልከት ይገባል። በጨዋታው ውስጥ ባልደረቦቹ በደራሲ የተጻፉ ናቸው፤ በክፍል ውስጥ ያሉት ሕያዋን ልጆች ናቸው። ተጫዋቹ ምርጫው ባያምርለት ቀድሞ ካስቀመጠው ቦታ ተመልሶ ለመጀመር ይችላል፤ ተማሪ ያለፈውን የትምህርት ዓመት መልሶ አያገኘውም። ተጫዋቹ የማይፈልገውን ያሰናብታል፤ መምህር ማንንም ለማሰናበት ሥልጣን የለውም። እንዲያውም የመምህር ሥራ ከተጫዋቹ የሚከብደው፣ 25ቱንም ይዞ መጓዝ ግዴታው በመሆኑ ነው።

ይህ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ከላይ ከቀረበው የሚከተሉትን አራት ነጥቦች ማውጣት ይቻላል።

ሀ. ሥራው የቡድኑን አስፈላጊነት ራሱ መፍጠር አለበት። አንድ ተማሪ ብቻውን ሊጨርሰው የሚችለው ጥያቄ ለአምስት ቢሰጥ አንዱ ይሠራል፤ አራቱ ይመለከታሉ። በዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ማንም ሙሉ እንዳይሆን የተደረገው ለዚህ ነው። በትምህርት ዓለም ለዚህ የሚቀርበው ምሳሌ ኤሊየት አሮንሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1971 በቴክሳስ ኦስቲን ከተማ የጀመሩት አሠራር ነው። በዘር ተለያይተው ይማሩ የነበሩ ልጆች በአንድ ክፍል እንዲማሩ በተደረገ ጊዜ የተፈጠረውን መቃቃር ለማብረድ፣ ትምህርቱ ተከፋፍሎ ለእያንዳንዱ የቡድን አባል አንድ አንድ ክፍል ይሰጠው ነበር። ልጁ ድርሻውን ከሌሎች ቡድኖች ያንኑ ድርሻ ከያዙ ልጆች ጋር አጥንቶ ወደ ቡድኑ ተመልሶ ያስተምራል። ሙሉውን ትምህርት ለማግኘት እያንዳንዱ ሌላውን ማዳመጥ አለበት።

ለ. ሚና መዘዋወር አለበት። በአገራችን ትምህርት ቤቶች በ2000ዎቹ ዓ.ም. በስፋት ይሠራበት የነበረው የአንድ ለአምስት አደረጃጀት የተለያየ ችሎታ ያላቸውን ተማሪዎች ማቀላቀሉ ከመጀመሪያው መመዘኛ ጋር የሚስማማ ነበር። ነገር ግን ሰጪው ሁልጊዜ አንዱ፣ ተቀባዮቹ ሁልጊዜ አምስቱ ከሆኑ፣ አምስቱ መቀበልን ብቻ ይለማመዳሉ። በጨዋታው አነጋገር የልምድ ነጥቡ ለአንድ ሰው ብቻ ይመዘገባል። መሪ፣ ጸሐፊ፣ ተናጋሪና መርማሪ የሚሆኑት ተማሪዎች በየሥራው ቢለዋወጡ ይህ ጉድለት በእጅጉ ይቃለላል። የትኛው ተማሪ በየትኛው ጊዜ የትኛውን ሚና እንደያዘ የሚያሳይ ቀላል መዝገብ መያዝም ይረዳል፤ ብዙ ጊዜ ያልተጠራው ማን እንደሆነ ከማስታወስ ይልቅ ከመዝገቡ ማንበብ አስተማማኝ ነው።

ሐ. ግንኙነት የቡድኑ አካል ነው። በችሎታ የተሟላ ቡድን በጠብ ሊፈርስ እንደሚችል የናሽከል መንገደኞች ያሳያሉ። መምህር ተማሪዎቹን ከመደልደሉ በፊት ማን ከማን ጋር እንደሚቀራረብ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ማወቅ ይጠቅመዋል። ይህ ማለት የተጣሉትን ለዘለዓለም መለየት ማለት አይደለም። ምክንያቱን ሳያውቁ አጣምሮ ከማስቀመጥ ግን መጠንቀቅ ተገቢ ነው። ከጓደኛው በስተቀር ከማንም ጋር የማይናገር ዓይን አፋር ልጅም ከነጓደኛው ቢመደብ፣ እንደ ካሊድና ጃሂራ ሁሉ፣ ሁለቱም ይገኛሉ፤ ቢነጣጠሉ ሁለቱም ሊታጡ ይችላሉ።

መ. መገናኛ ሰፈር ያስፈልጋል። ተጓዦቹ ማታ ማታ በሰፈር ተሰብስበው እንደሚነጋገሩ ሁሉ፣ ከቡድን ሥራ በኋላ አጭር የመመካከሪያ ጊዜ መመደብ አለበት። ማን ሠራ፣ ማን ሳይደመጥ ቀረ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ምን ይለወጥ የሚሉት ጥያቄዎች በዚያ ይነሣሉ። የክፍለ ጊዜው ደቂቃ ሁሉ በሥራው ብቻ ካለቀ ቅሬታው ሳይነገር ይከማቻል። የመርሐ ትምህርት አዘጋጆችም በመምህር መምሪያ ውስጥ «በቡድን ይወያዩ» ብለው ሲያልፉ፣ ለምክክሩ የሚሆን ጊዜ በዕቅዱ ውስጥ መኖሩን ማረጋገጥ አለባቸው።

8. ማጠቃለያ

የባልደረባ አመራረጥ በሚና ጨዋታዎች ታሪክ ውስጥ ደረጃ በደረጃ እየጠለቀ የሄደ ጥያቄ ነው። በመጀመሪያ የሙያ ጉድለትን መሙላት ነበር። ቀጥሎም ደካማዋ እረኛ ያለ እርሷ ጉዞው የማይፈጸም ሆነች። ከዚያ ባልደረቦች ፈቃድና ኅሊና ኖሯቸው መሪያቸውን የሚመዝኑ ሆኑ። በመጨረሻም በሰፈር የቀሩት ከተጓዦቹ እኩል እንዲያድጉ ተደረገ።

ከእነዚህ ሁሉ ለትምህርት ቤት የሚበልጠው የመጨረሻው ነው። ለውጡን ያመጣው የባልደረቦቹ መሻሻል አልነበረም፤ በ1998ቱ ጨዋታ የቀረው ሰውም ሆነ በ2023ቱ የቀረው ሰው ዕድል ቢያገኝ ያድጋል። የተለወጠው ደንቡ ነው። ደንቡን የሚጽፉት በጨዋታ ረገድ ደራሲዎቹ ሲሆኑ፣ በመማሪያ ክፍል ረገድ መምህሩና መርሐ ትምህርቱን የሚያዘጋጀው ባለሙያ ናቸው። ስለሆነም አንድ ተማሪ በዓመቱ መጨረሻ ከጓደኞቹ ወደ ኋላ ቀርቶ በሚገኝበት ጊዜ፣ ስለ ችሎታው ከመፍረድ አስቀድሞ በዓመቱ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተመረጠ መቍጠር ተገቢ ይሆናል።